በዶሮ ሽቦ ውስጥ የተኛችው ጤነኛ

ልጅን አስተምሮ ሐኪም ማድረግ መልካም ነገር ነው። አንድ ጉዳት ብቻ አለው። ከዚያ በኋላ እቤት ውስጥ መታመም አይቻልም። ስታስይ ጀርባሽን ታዳምጣለች፤ ስታዛጊ ምላስሽን አሳዪኝ ትላለች። እኔ ይህን ቀድሜ ስላወቅኩ ልጄ ሉባባ ከጀርመን አገር ተምራ ጅማ ስትገባ፣ ገና ከአውቶቡሱ ሳትወርድ ጤነኛ ሆንኩ።

ጤነኛ ግን አልነበርኩም። እግሬ እንደ እሳት ይነዳል።

ነገሩ ከቁርጭምጭሚቴ በታች ነው። አያብጥም፤ አይቆስልም። ላዩን ያየ ሰው የደህና ሴት እግር ነው ይላል። ውስጡ ግን ፍም እንደረገጠ ነው። አንሶላ ሲነካው እጮሃለሁ። ጫማ ውስጥ ሲገባ ስሜ ሁሉ ይጠፋኛል። አንድ ጊዜ ለአንድ የጤና ጣቢያ ድሬሰር አሳየሁት። በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ፣ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ፣ ከዚያ «ምንም የለብሽም፤ ሐሳብ ነው» አለኝ። ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇ ባሕር ማዶ ያለች ሴት ሐሳብ አይጠፋትም። ነገር ግን ሐሳቤ ጭንቅላቴን ትቶ እግሬ ላይ ምን እንደሚሠራ አልገባኝም። ሐሳብ ነው ከተባልኩ በኋላ ለሌላ ሰው መናገር አፈርኩ።

የሚያስታግሰው ውሃ ብቻ ነው። ለሶላት ውዱእ ሳደርግ እግሬን ስታጠብ አንዲት ትንፋሽ አገኛለሁ። እኔ ደግሞ ደካማ ሰው ነኝ። አምስቱን ውዱእ ስድስት አደረግኩት። ስድስቱን አሥር። በመጨረሻ ጅማ መርካቶ ውስጥ ኮረሪማ ከምሸጥበት ቦታ፣ ከጆንያው ሥር ውሃ የሞላ ሳፋ አስቀመጥኩ። ሰው ሲመጣ «ውዱእ ላይ ነኝ» እላለሁ።

ሰውን ማታለል ቀላል አይምሰላችሁ፤ ሰው ከምትፈልጉት በላይ ያምናችኋል። ሳልፈልገው ስሜ በሃይማኖት ወጣ። «ከውዱእ የማትለይ ሴት» ተባልኩ። ጎኔ ተቀምጣ በቆሎ የምትሸጠው ኪሚያ አንድ ቀን መጥታ «ሀዳ ሉባባ» አለችኝ፤ የሉባባ እናት ማለቷ ነው፤ ማንም በስሜ አይጠራኝም። «ላሜ አልፀንስ ብላኛለች፤ ዱዓ አድርጊልኝ።»

ያኔ ልናገር ይገባኝ ነበር። አልተናገርኩም። ዱዓ አደረግኩ። ላሟ ወለደች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ከቦሳ ኪቶ ሰፈር ሁሉ ሴቶች ይመጡ ጀመር። አንዷ ለልጇ ፈተና፣ አንዷ ለባሏ ጠባይ። እኔ እግሬን ሳፋ ውስጥ ነክሬ እጆቼን ወደ ሰማይ አነሣለሁ። አስተግፊሩላህ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ዱዓዬ ከልቤ ነበር፣ እግሬ ግን ስለ ራሱ ጉዳይ ነበር ውሃ ውስጥ የገባው።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ሉባባ ሆስፒታሉ ውስጥ መሥራት ከጀመረች ዓመት እንደሆናት፣ ያስተማራት ሽማግሌ ፕሮፌሰር ሦስት የእንጨት ሣጥን ይዞ ከጀርመን መጣ። ሣጥኖቹ ውስጥ ያለው ማሽን ነርቭ ያዳምጣል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ሉባባ ለእኔ እንዳስረዳችኝ አድርጌ ላስረዳችሁ።

«እማዬ፣ ነርቭ ውስጥ ወፍራምም ቀጭንም ክር አለ። ወፍራሞቹ መኪና ናቸው፤ እየበረሩ ይደርሳሉ። ቀጫጭኖቹ እግረኞች ናቸው። ሕመምና ሙቀት የሚሸከሙት እግረኞቹ ናቸው።»

«ድሮም ሸክም የእግረኛ ነው» አልኳት።

«ሐኪም በመዶሻ ሲመታሽ የሚፈትነው መኪናዎቹን ነው። እግረኞቹን ማንም አይጠይቃቸውም። እኛ ከጉልበት አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነች መርፌ ነርቩ ውስጥ እናስገባለን። ከዚያ በየአራት ሴኮንዱ እግርን በኤሌክትሪክ ቆንጠጥ እናደርጋለን። እግረኛው መልእክቱን ይዞ ይመጣል። በደረሰ ቁጥር ማሽኑ ወረቀት ላይ ነጥብ ያስቀምጣል። ሁልጊዜ እኩል ጊዜ ፈጅቶ ከደረሰ ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። ሳንልከው ሌላ ሥራ ሲሠራ ከቆየ ግን ደክሞ፣ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ነጥቡም ወደ ጎን ይሸሻል።»

ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነም ነገረችኝ። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጎማ እግራቸው የሚነድ ሰዎች ወደ እሷ ይመጣሉ። ቡና ለቃሚዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሁለት ቀን ተጉዘው ነው የሚደርሱት። ሐኪም ነክቶ ምንም አያገኝባቸውም። አለቃቸው ሰነፍ ይላቸዋል፤ ቤተሰባቸው ጂን ያዛቸው ይላል።

«እነዚህ ሰዎች አይዋሹም፣ እማዬ። ሕመማቸውን ራሴ ሰምቼ ለሌላው አሰማላቸዋለሁ» አለችኝ።

ይህን እቤት ስትነግረኝ እግሬ ሌላ ሳፋ ውስጥ ነበር።

«ዛሬ ስንተኛ ውዱእሽ ነው?» አለችኝ።

«ፈረሰብኝ» አልኩ።

ፕሮፌሰሩ የሚቆየው አሥር ቀን ነው። ማሽኑ ጅማ ውስጥ በትክክል ከሠራ ለሉባባ ትቶላት ይሄዳል። ካልሠራ ማሽኑ ወደ ሣጥኑ፣ ሣጥኑ ወደ አገሩ። መሥራቱ የሚታወቀው ደግሞ በመጀመሪያ በጤነኛ ሰው ነው። የጤነኛው መስመር ቀጥ ካላለ፣ የበሽተኛው መስመር ቢጣመም ምንም አይመሰክርም።

ጤነኛ ጠፋ። ተማሪዎቹ በሙሉ ለቡና ለቀማ ዘመቻ ሊሙ ወርደው ነበር። የከተማው ሰው ደግሞ ፈራ። ኪሚያ ነገሩን እንዲህ ስትል አብራራችልኝ፦ «ነርቭ የሚሰማ ማሽን ሐሳብም ይሰማል። ሐሳብ ከሰማ ደግሞ ለማን ነው የሚናገረው?» ይህን ስትል ግራና ቀኝ አየች። በዚያን ጊዜ ሰው ስለ ዝናብም ሲያወራ ግራና ቀኝ ያይ ነበር።

አምስት ቀን አለፈ። ሉባባ እራት መብላት ተወች። እኔ ምን ላድርግ? እናት ነኝ። «ጤነኛ ሰው አይደል የጠፋው?» አልኳት። «እኔ አለሁ።»

እንዴት ደስ እንዳላት! እኔም ኮራሁ። የልጄ የመጀመሪያ ጤነኛ ልሆን ነው። በማግሥቱ ነጭ ጋውኗን ለብሳ፣ እስክሪብቶ ይዛ፣ እንደማታውቀኝ ሰው ትጠይቀኝ ጀመር።

«እግርሽ ይደነዝዛል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ያቃጥልሻል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እማዬ፣ አዎ ወይም የለም ነው የሚባለው።»

«ጌታዬን አመስግኜ ሳበቃ ምን ልጨምር?»

ሳቀችና «የለም» ብላ ጻፈች። ልብ በሉ፤ የጻፈችው እሷ ናት። እኔ ያመሰገንኩት አላህን ብቻ ነው። በእኛ ቤት ሰው ደህንነትሽን ሲጠይቅ መልሱ አንድ ነው። እናቴ ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት ጎረቤት እንዴት አደርሽ ቢላት «አልሐምዱሊላህ፣ እናንተስ?» ነው ያለችው። በዚህ ቤት ያደገ ሰው ቅጽ መሙላት አይችልም።

አልጋ ላይ ወጣሁ። ፕሮፌሰሩ ሳልነግረው ፊቱን ወደ ማሽኑ አዙሮ የጅማ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ጨዋ ሰው ነው። ሉባባ ከጉልበቴ በታች ያለውን ቦታ ብቻ ገልጣ ሌላውን በነጠላዬ ሸፈነችኝ። ቢስሚላህ ብላ መርፌዋን አስገባች።

ነርቭን በመርፌ መፈለግ በጆንያ ሙሉ ኮረሪማ ውስጥ አንድ ጠጠር እንደመፈለግ ነው። አንድ ሰዓት ፈጀባት። እኔ እንዳልንቀሳቀስ ተነግሮኛል። አፍንጫዬ ላይ ዝንብ አረፈች። ዝንቧ በአፍንጫዬ ላይ ወዲያና ወዲህ ስትመላለስ ቆየች፤ እኔ ዓይኔን ብቻ አንቀሳቀስኩ። ሶብር የሚሉት ትዕግሥት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ማሽኑ ተናገረ። ድምፁ በሣር ላይ የሚወርድ ካፊያ ይመስል ነበር። ቀስ እያለ በረታ፤ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የሐምሌ ዝናብ ሆነ። ሉባባ ፕሮፌሰሩን አየችው። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን አየ። ነጥቦቹ ቀጥ ብለው መውረድ ሲገባቸው ፍየል እንደሄደችበት መንገድ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ይላሉ።

ፕሮፌሰሩ በቋንቋው ረጅም ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አልኩ።

«ጤነኛ ነርቭ ሳይነኩት እንዲህ አይጮህም፤ ከውጭ የሚገባ ኤሌክትሪክ አለ ይላል።»

 እግሬ እየነደደ ነበር፤ ግን ኤሌክትሪክ ሊሆንም ይችላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰው መዋሸት ሲጀምር መጀመሪያ የሚያምነው ራሱ ነው።

የሆስፒታሉ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋሽ ተካ ተጠራ። ጎንደሬ ነው፤ ቀልዱ አያልቅበትም። አምፖሉን ሁሉ አጠፋ። ነጥቦቹ አልተስተካከሉም። በማግሥቱ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው ወፍጮ ይቁም ተባለ። ሁለት ሰዓት ቆመ። እህል ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ያቆመውን ሰው ሲራገሙ በመስኮት ይሰማኝ ነበር። ከተሰለፈው እህል አንዱ የእኔ ነው። ነጥቦቹ አልተስተካከሉም።

«የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ይሆናል» አለች ሉባባ። «ጋሽ ተካ፣ ሄደው ለአንድ ሰዓት ቢያስጠፉልን?»

«እኔ?» አላት። «ሄጄ የአብዮቱን ድምፅ ዝጉልን ልበል? ከዚያ በኋላ ለእኔ ማን ሊዘጋልኝ ነው? አይ ዶክተር፣ እሱን ተይው፤ ሌላ ዘዴ አለኝ።»

ዘዴው የዶሮ ሽቦ ነበር። ከመርካቶ አንድ ጥቅል አስመጣ። አራት የባሕር ዛፍ እንጨት ተክሎ አልጋዬን ከነእኔ በሽቦ ዙሪያውን አጠረው፤ ከላይም ከደነው። በር ሠራለት። ከሽቦው አንድ ክር ስቦ ውጭ መሬት ውስጥ ቀበረ። ፕሮፌሰሩ እየዞረ አየና ጋሽ ተካን ጨበጠው። በአገሩም እንዲህ ነው የሚደረገው አለ፤ ሽቦው የውጭውን ኤሌክትሪክ ያስቀራል።

«እማማ» አለኝ ጋሽ ተካ በሩን እየዘጋ፣ «እርስዎ ዝም ብለው ይተኙ። እንቁላል ከተገኘ የእኔ ነው።»

መሣቅ አልተፈቀደልኝም። መርፌው ነርቤ ውስጥ ነው።

ሉባባ ማሽኑን ከፈተች። ዝናቡ ወረደ። ነጥቦቹ ተንከራተቱ።  አምፖል ጠፍቷል፣ ወፍጮ ቆሟል፣ ኤሌክትሪክ ታግዷል። ሽቦው ውስጥ የቀረነው እኔና ውሸቴ ነን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እውነት ነው። ተረቱ የማይናገረው፣ በሽታውን የደበቀ የልጁንም እንጀራ ሊደፋ እንደሚችል ነው።

በዚህ መሐል ኪሚያ መጣች። አራት ቀን ከመርካቶ ስለቀረሁ ልትጠይቀኝ ነው። በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ ስታይ፣ እኔ በሽቦ ተከብቤ፣ እግሬ ላይ ገመድ ተቀጥሎ፣ ፈረንጅ ወረቀት ላይ እየጻፈ፣ አልጋው ዙሪያ ጨለማ።

«ወዮ! ሀዳ ሉባባ፣ ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው? ምን ተናገርሽ?»

መልስ ልሰጣት አልቻልኩም፤ አትንቀሳቀሺ ተብያለሁ። ዓይኔን ብቻ አንከባለልኩላት። እሷ ይህን ምልክት እንዴት እንደተረጎመችው አላውቅም። ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ሮጠች።

የቀትሩ ሶላት ዙህር ሳይደርስ የመርካቶ ግማሹ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነበር። የታሠረ ሰው ሲኖር የአገራችን ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ስንቅ ይዞ ይመጣል። ጩኮ በሳህን፣ ቆጮ በጨርቅ፣ ወተት በቅል። የበር ዘበኛው ድምፅ ይሰማኛል፦

«ማን ፈቅዶላችሁ ነው የተሰበሰባችሁት?»

«ስንቅ ለማቀበል ፈቃድ የሚያስፈልገው ከመቼ ወዲህ ነው?» የኪሚያ ድምፅ ነው።

«ሴትዮ፣ ይሄ ሆስፒታል ነው!»

«ታዲያ ለምን ሰው ታስራላችሁ?»

 ሕዝቡ አልፎ መጥቶ መስኮቱንና በሩን ሞላው።

ፕሮፌሰሩ ሰዉን አየ፣ ሽቦውን አየ፣ ወረቀቱን አየ። መነጽሩን ጠረገና ለሉባባ በቀስታ ጥቂት ቃል ተናገራት። ቋንቋውን አላውቅም። የልጄን ትከሻ ግን አውቀዋለሁ። ሲወርድ አየሁት።

«ምን አለሽ?»

«ይህ ቤት ለዚህ ሥራ አይሆንም አለኝ። ነገ ይታሸጋል።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ምንም አይደለም እማዬ። አንቺ ያቅምሽን አድርገሻል። አሁን መርፌዋን ላውጣልሽ።»

ጎንበስ አለች። ያን ጊዜ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ስለ እግሬ አልነበረም። ከአጋሮ ሁለት ቀን ተጉዘው ስለሚመጡት ሰዎችም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ አላሰብኩም። ያሰብኩት መስኮቱ ላይ ያሉትን ሴቶች ነው። ለልጇ ፈተና ዱዓ ያደረግኩላት አለች። ለባሏ ጠባይ ያደረግኩላት አለች። አሁን ከተናገርኩ የምቆመው በፊታቸው ነው። ካልተናገርኩ ደግሞ ልጄ ወድቃ ትቀራለች።

እጇን ያዝኩት።

«አታውጪው።»

«ለምን?»

«ማሽኑ ደህና ነው።»

«እማዬ፣ አንቺ ስለ ማሽን ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ እግሬ አውቃለሁ። ይነዳል። ማሽኑ እውነቱን ነው የሚናገረው።»

ልጄ አየችኝ። ሐኪም ሆና አልነበረም። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ጀርመን ሳትሄጂ።»

«ሳፋውስ?»

«ትንሹ ለሶላት ነው። ብዙው ለእግሬ ነው።»

 ኪሚያ በመስኮቱ በኩል «የላሜስ ዱዓ?» አለች።

«ላምሽ ወልዳለች፤ ዝም በይ!»

ሰው ሣቀ። ሉባባ አልሣቀችም። «ጤነኛ ብዬ በእጄ ጻፍኩ» አለች። «ከጎማ የመጣ የማላውቀው ሰው ሕመሙን ሲነግረኝ፣ አንቺ እኔ ቤት፣ እኔ ፊት ዝም ትያለሽ?» እንባዋ መጣ። እጄን ለቀቀችኝ።  ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ለልጄ ይቅርታ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

እንባዋን በጋውኗ እጅጌ ጠርጋ ለፕሮፌሰሩ ነገረችው። ሽማግሌው ከበርጩማው ተነሣ። ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ጠየቃት። ከዚያ እጁን አጨበጨበና በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አስመጣ።

ጨርቁ እግሬ ላይ አረፈ። አሁን ስሙ። ዝናቡ ቀስ እያለ አባራ።  ወረቀቱ ላይ ፍየል የሄደችበት መንገድ ቀስ በቀስ ቀና፤ ነጥቦቹ አንዱ ከአንዱ በታች እየሆኑ ወረዱ። ጨርቁ ተነሣ። ዝናቡ ተመለሰ።

ፕሮፌሰሩ ግን በዚህ አልበቃውም። ወደ ማሽኑ ዞሮ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ሰጠኝ። «ቃጠሎው ሲነሣብሽ ጣትሽን አንሺ፤ ሲበርድ አውርጂ» አለችኝ ሉባባ፤ ጣቴንና ሰዓቷን እያየች ትጽፍ ጀመር። እሱ ጣቴን አያይም፤ እሷ ወረቀቱን አታይም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አመመኝ ማለት ሥራዬ ሆነ። አነሣሁ፣ አወረድኩ። ቆየሁና አነሣሁ።

ሲጨርሱ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጉት። ጣቴ በተነሣበት ቦታ ሁሉ ነጥቡ ሸሽቷል። ጣቴ በወረደበት ተመልሷል። ፕሮፌሰሩ ወደ ሽቦው ቤት መጥቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ለኮረሪማ ነጋዴ እጅ ሲነሣ አይቼ አላውቅም። ያ ድሬሰር ትዝ አለኝ። ሐሳብ ነው ብሎኝ ነበር። ሐሳብ ነጥብ አያስቀምጥም። እዚያው ተኝቼ፣ በዶሮ ሽቦ ውስጥ፣ ኮራሁ።

ከዚያ በበሩ በኩል ከቦሳ ኪቶ የመጣችው ሴትዮ፣ ያቺ ለባሏ ጠባይ ዱዓ ያስደረገችኝ፣ ሳህኗን መሬት አስቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። «እኔንም እንዲህ ነው የሚያደርገኝ» አለች። «ለባሌ ብነግረው ሥራ ልትሸሺ ነው አለኝ።» ከኋላዋ ሌላዋ ጫማዋን አወለቀች። ሦስተኛዋ መጀመሪያም ባዶ እግሯን ነበረች፤ ለምን እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ሉባባ ስማቸውን መመዝገብ ጀመረች። እያንዳንዷን ጎንበስ ብላ እግሯን እያየች፣ አንዷን በአማርኛ፣ አንዷን በኦሮምኛ ትጠይቃለች። ፕሮፌሰሩ ትንሽ ቆሞ አያት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና አንድ ነገር አለ።

ልጄ ቀና አለች። «እውነቱን ነው። በሽተኛ አገኘን፤ ጤነኛ ግን እስካሁን የለንም። የጤነኛ መስመር ቀጥ ብሎ ካልታየ ማሽኑ ጅማ ውስጥ መሥራቱ አይረጋገጥም። ነገ አሥረኛው ቀን ነው።» ወደ ሰዉ ዞረች። «ፍጹም ጤነኛ የሆነ ማነው?»

ጠዋት ሁሉም ጤነኛ ነበር። አሁን ጠፋ።

«እኔ ጉልበቴን ያመኛል» አለች ኪሚያ በፍጥነት።

«እኔ ስኳር አለብኝ» አለ ጋሽ ተካ።

«ከመቼ ወዲህ?» አለችው ሉባባ።

«ይህን መርፌ ካየሁ ወዲህ።»

ዘበኛው ወደ በሩ ተመለሰ። የቀረውም ሰው የታሠረ ከሌለ ብሎ ስንቁን መቋጠር ጀመረ። ሉባባ መዝገቡን ይዛ ቆመች። እኔን ከሽቦው አውጥተውኛል፤ በርጩማው ላይ ተቀምጬ እግሬን ጨርቁ ውስጥ ጠቅልያለሁ። ምንም ልረዳት አልቻልኩም።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ፕሮፌሰር ኮቱን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለ። ጫማውን ፈታ። ካልሲውን አጠፈና ጫማው ውስጥ አኖረ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። የሽቦውን በር ራሱ ከፍቶ ገባና እኔ በተነሣሁበት አልጋ ላይ ተጋደመ። እግሩ እንደ ቆጮ ነጭ ነው።

«ሱብሃነላህ!» አለች ኪሚያ። ወተቱን ልታቀብለው በሽቦው በኩል እጇን ሰደደች። ጋሽ ተካ መለሳት።

ሉባባ ገረጣች። ያስተማራት ሰው ነው። መርፌ አያያዝ ያሳያት እሱ ነው። እሱ አንድ ነገር ብሏት ዓይኑን ጨፈነ። ቀጥ ያለ መስመር ካየሁ ሣጥኑ ባዶውን ይመለሳል ማለቱ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ።

ቢስሚላህ ስትል ሰማኋት። እጇን አየሁ። እኔ ጋ አንድ ሰዓት የፈለገችውን፣ እሱ ጋ ገና ውዱእ አድርጌ የምጨርስበት ጊዜ ሳይሞላ አገኘችው። ማሽኑ ዝም አለ። ከዚያ በየአራት ሴኮንዱ አንድ ትንሽ ጠብታ። ጠብ። ጠብ። ከዚያ ሌላ ምንም የለም።  ወረቀቱ ቀስ እያለ ወጣ፤ ነጥቦቹ አንዱ ከአንዱ ሥር፣ እንደ ግንበኛ ቱምቢ ገመድ ቀጥ ብለው ወረዱ።

ሉባባ ወረቀቱን በሽቦው በኩል ከፊቱ ያዘችለት። ሽማግሌው ዓይኑን ገለጠ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ልጄን ቀና ብሎ አይቶ በቋንቋው አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ።

ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ፊቷን አይቼ ነበር።